ሰካራሙ መጠጥ አቆመ

ጥርስ ሠሪው አዲሱን ድሮን የገዛ ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ካርቶኑን ቀዳዶ በየቆሻሻ መጣያው መበተን ነበር። አንዱን ቁራጭ መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ አንዱን አውቶቡስ ፌርማታው ጋ፣ የቀረውን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ጣለ። በየመሃሉ ግራ ቀኙን ያያል። ላየው ሰው አስከሬን የሚደብቅ እንጂ መጫወቻ የገዛ አይመስልም ነበር።

ያን ያህል የፈራው ሚስቱን አልነበረም። ለሚስቱ ድሮን ሁሉ አንድ ነው፤ "ያ ትንኝህ" ብላ ነው የምትጠራው፣ ትንኝ በትንኝ ቢተካ ደግሞ ልብ አትልም። የፈራው አማቱን ነው።

አማቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ የሚኖሩትም ከልጃቸውና ከእሱ ጋር ነው። በሥራ ዘመናቸው ፈተና ሲፈትኑ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ ኋላ ተቀምጦ የሚኮርጀውን ልጅ በስሙ ይጠሩት ነበር ይባላል። ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ስም "ራዳር" ነው። ዛሬም ድረስ ፀጉሩ የሸበተ ሰው መንገድ ላይ ካገኛቸው፣ ሰላም ከማለቱ በፊት ሁለት እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ያሳያቸዋል።

አሮጌውን ድሮን የሰጡት እሳቸው ነበሩ። ያኔ ጥርስ ሠሪው ለሙያውም ለቤተሰቡም አዲስ ነበር። ለአማቱ የሚወልቅ ጥርስ ሠራላቸው፤ የመጀመሪያ ሥራው ነው። አማቱ ጥርሱን አጥልቀው ፖም ቋ አድርገው ሲገምጡ ከደስታቸው ብዛት ጠረጴዛውን መቱት። ብዙም ሳይቆዩ ካርቶን ተሸክመው መጡና፣ "አንተ ጥርስ ሰጠኸኝ፣ እኔ ክንፍ ሰጠሁህ። አሁን ተካካስን" አሉት።

ክንፍስ ክንፍ ነበር፤ ግን አመል ነበረበት። ሲነሳ ይንገዳገዳል። ከፍ ሲል ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ያጋድላል። ድምፁ የአሮጌ ስፌት መኪና ነው። በመጨረሻም፣ የትም ቢልኩት፣ መንገዱ ከጎረቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ያበቃል። አማቱ ይህን አይተው "ሰካራሙ" አሉት። አንድ ቀን ወድቆ እግሩ ሲሰበር ጥርስ ሠሪው ሰው ሠራሽ ድድ ከሚሠራበት ሮዝ ፕላስቲክ ቆንጆ እግር ሠራለት። ከዚያ ወዲህ ሰካራሙ ሦስት ግራጫ እግርና አንድ የድድ እግር ይዞ ይበራል።

ካሜራውን ካሜራ ማለት ለሱ ውለታ መዋል ነው። በሱ ሲታይ ዛፉ እርጥብ ስፖንጅ፣ ሰዉ የቆመ የጥርስ ብሩሽ ይመስላል። ጥርስ ሠሪው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነጭን ከነጭ ሲለይ የሚውል ሰው ነው። አንዱ ነጭ ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ሲያደላ እያየ የሚውል ዓይን፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እርጥብ ስፖንጅ ማየት ሰለቸው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ይሁን እንጂ ሰካራሙ ሲበር ከማንም ከምንም በላይ የሚደሰቱት አማቱ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው ግቢው መሃል ይወርዳሉ፤ "አውጣው እስኪ ሰካራሙን!" ይላሉ፤ ሲንገዳገድ ይስቃሉ፤ ገመዱ ላይ ሲጠመጠም ያጨበጭባሉ። በዓለም ላይ ጥርስ ሠሪው ሲያበር ቁጭ ብሎ የሚያይለት ሌላ ሰው የለም። ስጦታዬን ጣለው ብለው ቢያዝኑ ያ ወንበር ባዶውን ይቀራል። ባዶ ወንበር ፊት ማብረር ደግሞ፣ ካሜራው የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ምን ትርጉም አለው?

መላው አንድ ብቻ ነበር። አዲሱን ሰካራሙን ማስመሰል።

* * *

"ገዛኸው?" አለው ባልደረባው፣ ቀቢው፣ ድሮኑን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ሲያየው።

"ገዛሁት።"

"ራዳርስ?"

"አያውቁም።"

"ኑዛዜህን ጽፈሃል ታዲያ?"

"ቀልዱን ተወውና አስመስልልኝ።"

ቀቢው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ሥራው የሸክላ ጥርስ መቀባት ነው። የዚህ ሙያ ምስጢር ደግሞ አዲስ ጥርስ አዲስ እንዳይመስል ማድረግ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ያደገ መምሰል አለበት። ቀቢው በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ትናንት የተሠራን ጥርስ የዕድሜ ልክ ሻይ ያጠጣዋል፤ ያልነበረ ስንጥቅ ይስልበታል፤ ባለቤቱ ራሱ በመስታወት አይቶ "ይሄማ የኔው ነው" እስኪል ድረስ። ድሮን ማስረጀት ለነሱ የምሳ ሰዓት ሥራ ነው።

ሁለቱ ድሮኖች ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ወንድማማቾች ስለሆኑ መልካቸው አይራራቅም፤ አዲሱ ጥቂት ቀጠን ይላል እንጂ።

"ከስቷል እንላለን" አለ ቀቢው። "ይሄ ጭረት ከምን የመጣ ነው?"

"ከጎረቤት ሱሪ ዚፕ።"

"ይሄስ ሰማያዊ ነገር?"

"ከዚያው ሱሪ። ቀለም ይለቃል።"

ጭረቱ በጭረት፣ ሰማያዊው በሰማያዊ ተቀዳ። ሮዙ እግር ከአሮጌው ተነቅሎ አዲሱ ላይ ተተከለ። አሮጌው ሰካራም በሦስት እግሩ፣ ለጥርስ ልክ የተቀረጹ የጂፕስ መንጋጋዎች በተደረደሩበት ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ጥርስ ሠሪው በሩን ሲዘጋበት "ለጥቂት ጊዜ ነው" አለው፣ ማንም እንዳይሰማው ቀስ ብሎ። መንጋጋዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው አዩት።

የቀረው ካሜራው ነው። እሱን መላ ያገኘለት ቀቢው ነበር። መስታወቱ ላይ ቫዝሊን ቀባው፣ ወፍራም አድርጎ።

"ለቅዳሜ ይበቃሃል" አለ። "ለብቻህ ስትሆን ትጠርገዋለህ።"

* * *

ቅዳሜ ፀሐዩ ሞቅ እንዳለ አማቱ ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ።

"አምጣው እስኪ ሰካራሙን። ናፈቀኝ።"

"ወዲያው ላስነሳው አይሻልም እማማ? ነፋስ ሳይመጣ።"

"አምጣው አልኩህ እኮ።"

አመጣው። እሳቸውም ተቀብለው አገላበጡት። የፈተና ወረቀት ሲያገላብጡም እንዲሁ ሳይሆኑ አይቀሩም።

"ከስቷል" አሉ።

"ሙቀቱ ነው።"

"ፕላስቲክ በሙቀት ይከሳል?"

"ይሰበሰባል። ትንሽ ትንሽ።"

"እህም" አሉ ራዳር። ይህ እህም በጥርስ ሠሪው አከርካሪ ወርዶ ተረከዙ ጋ ቆመ። ቀጥለው ድሮኑን ፊት ለፊት አዞሩትና ፊታቸው በሐዘኔታ ተኮማተረ። "አዬ ልጄ፣ ዓይናር ሞልቶበታል!"

"አይ እማማ፣ አይንኩት፣ እጅዎን ያበላሻል..."

"ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ ኖሬ የሱን ዓይን ልጠየፍ?" የስካርፋቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው፣ ቫዝሊኑን ጥርግ፣ አሁንም ጥርግ፣ በመጨረሻም እፍ አሉበትና መለሱለት። "በል ልቀቀው።"

ጥርስ ሠሪው ለቀቀው።

ድሮኑ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ወጣና አየር ላይ ቆመ። አልተንገዳገደም። ወደ ግራ አላለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድምፅ የለውም። ግቢው ውስጥ ከርቀት ከሚሰማ ሬዲዮ በቀር ጸጥ ብሏል። ጥርስ ሠሪውን ላብ አጠመቀው። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ጥርሱን ነክሶ፣ ከንፈሩን ሳይከፍት፣ "ዝዝዝዝዝዝ" ማለት ጀመረ።

አማቱ ዞር ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ያምሃል?"

"አይ፣ እያንጎራጎርኩ ነው።"

"ታዲያ ዜማ አድርግበት።"

መቆጣጠሪያውን ወደ ግራ ገፋ። ድሮኑ ወደ ግራ ተንሳፍፎ ሄደና፣ ሲለቀው ቀጥ አለ። ጥርስ ሠሪው ይንገዳገድ ብሎ መያዣውን እንደ ወባ ታማሚ አንቀጠቀጠው። ድሮኑ ግን ወገቡን ብቻ በትሕትና ነቅነቅ ነቅነቅ አደረገ፤ ካሜራው ከሆዱ ሥር ንቅንቅ አላለም። ሰው ለገዛ ዕቃው "እባክህ ተበላሽ" ብሎ ሲለምን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ተስፋ ቀረው። ገመዱ። የጎረቤት ሰማያዊ ሱሪ እንደ ወትሮው ተሰጥቶ ይጠብቃል። ጥርስ ሠሪው ልቡን አጽንቶ ድሮኑን በቀጥታ ወደ ሱሪው ላከው። ለካስ አዲሱ ድሮን ከፊቱ እንቅፋት ሲያይ በራሱ ይቆማል፤ ሱሪው አጠገብ ሲደርስ ጢጥ ብሎ ቆመ። ገፋው። ጢጥ። አሁንም አጥብቆ ገፋው። ድሮኑ ሱሪውን ላፍታ ተመለከተና፣ በሰው ቤት በር ላይ እንደሚያልፍ ጨዋ ሰው፣ ከፍ ብሎ፣ ዞሮ፣ ሱሪውን ሳይነካ አለፈ። ከዚያም ወደ ታች ወርዶ አማቱ ፊት ለፊት መጥቶ ቆመ።

አማቱ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩት ቆዩ።

"ጉድ በል!" አሉ በመጨረሻ። "ሰካራሙ መጠጥ አቆመ እንዴ?"

በራሳቸው ቀልድም ሳቃቸው መጣ። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ድሮኑ ከፊታቸው ሳይነቃነቅ፣ በተጠረገ ዓይኑ፣ ሳቁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀዳው።

መሬት ላይ ሲያርፍ ሮዙ እግሩ እንኳን ኮሽ አላለም። አማቱ ዕንባቸውን ጠረጉ። ሳቁ ግን ከፊታቸው ቀስ በቀስ ለቀቀና የጥንቱ መምህርት ወጡ።

"ማታ ከእራት በኋላ በቴሌቪዥን እናየዋለን" አሉ። "ዓይኑ ከበራለት ወዲህ ምን እንዳየ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

* * *

ጥርስ ሠሪው እራት ላይ ሳህኑን ብቻ እያየ በላ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በዚህ ቤት ሕግ አለ። ከዓመታት በፊት አንድ እንግዳ ሲያኝክ አይቶ "ቀኝ መንጋጋህ ዘቅዝቋል" ብሎ ገበታ ካበላሸ ወዲህ፣ ሚስቱ ቤት ውስጥ የማንንም አፍ እንዳያይ ከልክላዋለች። እሱም ሕጉን አክብሮ ኖሯል። የእናቷን አፍ እንኳን አያይም።

ምስሉ የተቀዳበትን የድሮኑን ካርድ "አጠፋዋለሁ" ብሎ ኪሱ ከትቶት ነበር። ሚስቱ ግን ሳህን ካነሳች በኋላ እጇን ዘርግታ፣ "አምጣ፣ እኔ ልሰካው፣ አንተ ስትነካካ ይመሻል" ብላ ተቀበለችው።

ምስሉ መጣ።

"ውይ!" አለች ሚስቱ። "ይሄ የኛ ግቢ ነው?"

ጣሪያው ላይ የተኛችው ድመት ጢሟ ይታያል። የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤት ካልሲ የተሰፋበት ክር ሌላ ቀለም መሆኑ ይታያል። የጥርስ ሠሪው መሃል አናት፣ መሳሳት መጀመሩን ለማንም ያልነገረው ቦታ፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

"እሱን አላውቅም ነበር" አለች ሚስቱ ራሱን በጣቷ እየነካች።

ከዚያ ሱሪው መጣ፤ ቀርቦ፣ ቆሞ፣ አለፈ። ከዚያ አማቱ መጡ። ፊታቸው የቴሌቪዥኑን መስታወት ሞላው። ሳቁ።

ሕጉ ቤት ውስጥ የሰው አፍ አታይም ይላል እንጂ ስለ ቴሌቪዥን የሚለው ነገር የለም። ጥርስ ሠሪው አየ። ሳያስበው ከሶፋው ላይ ጠጋ አለ። የላይኛው ግራ ክራንቻ ጠመም ብላለች፤ ትንሽ፣ ለሌላ ሰው ዓይን የማትታይ ያህል። እሱ ግን ያውቃታል። የመጀመሪያ ሥራው ላይ እጁ ተንቀጥቅጦ ያጣመማት ናት፤ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስታዋለች! አምና ለአማቱ እንከን የሌለው አዲስ ጥርስ የሠራውም ከሷ ለመገላገል ነበር። አማቱም ተቀብለው፣ መርቀው፣ "እንደ ላባ ነው የሚቀለኝ" ብለውት ነበር።

ይህ ግን አዲሱ ጥርስ አይደለም። አሮጌው ነው። በጥርስ ሳሙና እየታሸ አዲስ የመሰለ አሮጌው።

ቀስ ብሎ ወደ አማቱ ዞረ። አማቱ ቴሌቪዥኑን አላዩም ነበር። እሱን ነው የሚያዩት። ሰካራሙ እንኳን ክራንቻ፣ ጭንቅላት ከትከሻ በላይ መሆኑን አጥርቶ አሳይቶ አያውቅም። ራዳር ነገሩ ገብቷቸዋል። የጥርሱ ነገር ለእሱ እንደገባውም ገብቷቸዋል። ሁለቱ ሰዎች እጅ ከፍንጅ ተያይዘው፣ ማን ማንን እንደያዘ ሳይለይ፣ ተፋጠው ቀሩ።

"ቆይ ግን" አለች ሚስቱ፣ "ያ ትንኝህ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ማየት የጀመረው?"

ጥርስ ሠሪው አፉን ከፈተ።

"ዓይኑን ጠርጌለት ነው" አሉ አማቱ።

"በመጥረግ ብቻ?"

"ዓይናር ቀላል ነገር መሰለሽ?"

ሚስቱ ትከሻዋን ሰበቀችና እንደገና ቴሌቪዥኑን አየች። "እማዬ ደግሞ ስትስቂ ጥርስሽ እንዴት ያምራል! አዲሱ አይደል?"

አሁን አፋቸውን የከፈቱት አማቱ ነበሩ።

"አዲሱ ነው" አለ ጥርስ ሠሪው ፈጠን ብሎ። "አዲስ መሆኑማ ከሩቅ ያስታውቃል።"

* * *

ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ አማቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የት ነው ያለው?"

"መሥሪያ ቤት። ቁም ሣጥን ውስጥ።"

"ከማን ጋር?"

"ከመንጋጋዎች ጋር።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው። አንድ እግሩ ብቻ ነው የጎደለው።" ቀጥሎ እሱ ጠየቀ። "አዲሱ ጥርስስ?"

"የመነጽሬ ማኅደር ውስጥ።"

"ለምን እማማ? ይቆረቁራል?"

አማቱ ወደ ወጥ ቤት አጮልቀው አዩና ይበልጥ ጠጋ አሉት። "ያፏጫል።"

"ምን?"

"'ሰ' ባልኩ ቁጥር ያፏጫል። የሰጠኸኝ ሰሞን 'ሰካራሙን አውጣው' ብዬ ብጣራ የጎረቤት ውሻ ሮጦ መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ።"

ጥርስ ሠሪው ሊስቅ ብሎ ተወው። "አንድ ቃል ቢነግሩኝ እኮ በምሳ ሰዓት የማስተካክለው ነገር ነበር።"

"ልነግርህ ነበር። ስትሰጠኝ ፊትህ በኩራት ሲበራ አየሁና ተውኩት።" ስካርፋቸውን አስተካከሉ። "አንተስ? አዲስ ገዛሁ ብትለኝ እበላህ ነበር?"

"እኔ ወንበሩን ነው ያየሁት" አለ።

"የቱን ወንበር?"

"የፕላስቲኩን። ባዶ ሆኖ ታየኝ።"

ከወጥ ቤት የብርጭቆ ድምፅ መጣ።

"ይሄ የለየለት ኩረጃ ነው" አሉ አማቱ። "ሁለታችሁም... ሁለታችንም ዜሮ።"

"ማካካሻ ፈተና የለውም?"

"ይታሰብበታል" አሉ ራዳር፤ ጠማማዋ ክራንቻም ብቅ ብላ ተመለሰች።

* * *

ሰኞ አማቱ የመነጽር ማኅደራቸውን ይዘው ጥርስ ሠሪው መሥሪያ ቤት መጡ። ቀቢው ሲያያቸው ሳያስበው እጁን ከኪሱ አወጣ። ጥርስ ሠሪው ከአዲሱ ጥርስ የፊት ረድፍ ጀርባ ከወረቀት የማይወፍር ነገር ፋቀ፣ አለሰለሰ፣ መለሰላቸው።

"እስኪ 'ሰ' ይበሉ።"

"ሰካራሙ" አሉ አማቱ። ጆሮ ተጣለ። ፉጨት የለም። "ሰሰሰሰ። ሰኞ። ሰላሳ ሰባት ሱሪ።" ምንም የለም። ሆኖም መስታወቱን አንስተው ሲያዩ ፊታቸው አልፈካም። "አንድ ነገር ልለምንህ። ይቺን ክራንቻ አጣምምልኝ።"

"ምን?"

"እንደ ድሮዋ። ቀጥ ስትል ዜና አንባቢ እመስላለሁ። የራሴን ሳቅ አጣሁት።"

ጥርስ ሠሪው ቀቢውን አየው። ቀቢው ጣሪያውን አየ። እንቅልፍ የነሳችውን ጥመት አሁን እያወቀ፣ በነቃ እጅ፣ በትክክል ሊደግማት ነው። ነቀላት፣ በሰም ያዛት፣ ትንሽ አዞራት፣ "እዚህ ጋ?" አለ። "ትንሽ ጨምር" አሉ። ጨመረ። ድሮኑን ለማበላሸት ቢለፋ ያልሆነለት ሰው፣ ይህችን በአንድ ሙከራ አበላሻት፤ በሕይወቱም እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ሲወጡ አማቱ ቁም ሣጥኑን ራሳቸው ከፍተው ሰካራሙን ከመንጋጋዎቹ መሃል አወጡት። ሮዙ እግር ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ሁለት ወንበር ወጣ። አዲሱ ድሮን ታጥቦ፣ ከውሸት ጭረቱ ተላቆ፣ ጸጥ ብሎ ወጣና ሰማዩ ላይ ቆመ። የሰካራሙን መቆጣጠሪያ አማቱ አልሰጥም ብለው ይዘውታል።

"የቱን ነው የምጫነው?"

"የፈለጉትን። ለውጥ የለውም።"

ሰካራሙ እንደ ስፌት መኪና እያንኳኳ ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ወደ ግራ አለና በቀጥታ ወደ አዲሱ አመራ። አዲሱ ጢጥ ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ መንገድ ለቀቀለት። ሰካራሙም ዞር ብሎ ሳያየው አልፎ ሄደና ሰማያዊው ሱሪ ላይ ተጠመጠመ።

አማቱ አጨበጨቡ፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቁ። አዲሱ ካሜራ ክራንቻዋን ሳይቀር አነሳት።

ሚስቱ ጫጫታውን ሰምታ በረንዳ ላይ ብቅ አለች። ወደ ገመዱ አየች፤ ወደ ሰማዩ አየች፤ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ እንደገና አየች።

"እናንተ! ያ ትንኝ ሁለት ሆነ እንዴ?"

ጥርስ ሠሪው አማቱን አያቸው። አማቱ ደግሞ ሰማዩን አዩ።

"ሰካራሙ ወለደ" አሉ ራዳር፣ ያለ አንዳች ፉጨት።